ስለ ትዝታ ምስክርነት

አንባቢ ሆይ፤ ከዛሬ ስድስት ሳምንት በፊት በዋለው ረቡዕ፥ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ፥ በምን ቦታ እንደ ነበርህ፥ ከማን ጋር እንደ ተነጋገርህ፥ በየትኛውም መንገድ ወደ ቤትህ እንደ ተመለስህ ብትጠየቅ ምን ትመልሳለህ? ያ ቀን ልጅ የተወለደበት ወይም ወዳጅ የተቀበረበት ቀን ካልሆነ በቀር፥ ጥቂት ካሰብህ በኋላ «እንደ ልማዴ በሥራዬ ላይ ሳልሆን አልቀርም» ትል ይሆናል። ይህ ግን ግምት እንጂ ትዝታ አይደለም። በቤትህ ተቀምጠህ ስትጨዋወት ግምትህ ማንንም አይጎዳም። በፍርድ አደባባይ ቆመህ ሳለ ግን በዚያች አንዲት ሰዓት የነበርህበትን ማስረዳት ቢሳንህ፥ ነፃነትህ፥ ምናልባትም የቀረው ዕድሜህ ሁሉ፥ በእርስዋ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሳራ ኬኒግ የተባለች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ «ሲሪያል» የተባለውን ትረካዋን የጀመረችው ይህን የመሰለ ጥያቄ በማንሣት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለው ትረካ ፖድካስት ይባላል፤ ስሙንም በ2004 ዓ.ም. ቤን ሐመርዝሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በጋዜጣ ላይ አወጣለት። እንደ ራዲዮ በድምፅ የሚነገር ነው፤ ዳሩ ግን ሰሚው በፈቀደው ሰዓት፥ በመንገድም ሆነ በማዕድ ቤት፥ በእጅ ስልኩ ይሰማዋል። ከዚህ ወገን ብዙ ሕዝብ የሳበው በእውነት ስለ ተፈጸመ ወንጀል የሚተርከው ነው። ትረካው የሚሠራበት ዋና ዕቃ ምንድን ነው ቢሉ፥ የሰው ትዝታ ነው። ጋዜጠኛው ከዐሥር፥ ከሃያ፥ ከዐርባ ዓመት በኋላ የሟችን ጎረቤት፥ የተከሳሹን ባልንጀራ፥ በዚያ መንገድ ያልፍ የነበረውን ሰው እየፈለገ «በዚያን ቀን ምን አየህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬውም ይናገራል፤ ሚሊዮኖችም ይሰሙታል፤ ሰሚውም ሁሉ በልቡ ይፈርዳል።

እንግዲህ ይህን ያህል ፍርድ የሚቆምበት የሰው ትዝታ ምን ያህል የታመነ መሠረት ነው? ጥያቄው ከፖድካስት በፊት ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። ታሪኩም ብዙ ንጹሓን በወህኒ ያለቁበት፥ ብዙ ሊቃውንትም የደከሙበት ነውና በቅደም ተከተል ብናነሣው ለዛሬው ሰሚ ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ይህ ሰው ፍቺ የሌላቸውን ፊደላት እየገጣጠመ፥ ራሱን ተማሪም መምህርም አድርጎ፥ በቃሉ ያጠና ነበር፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ምን ያህሉ እንደ ቀረለት ይመዝን ነበር። ውጤቱን በ1885 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ። ያጠናው ነገር ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላው ከግማሽ የሚበልጠው ይጠፋል፤ በማግሥቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ መጥፋቱ እየዘገየ ይመጣል። መርሳት በመጀመሪያው ሰዓት እንደ ጎርፍ፥ ኋላ ግን እንደ ጠብታ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይህ ነገር ለዳኛና ለመርማሪ ትልቅ ትምህርት ነበረው፤ ምስክርን በማግሥቱ መጠየቅና ከሁለት ወር በኋላ መጠየቅ አንድ አይደለምና። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ የፍርድ ቤት ሰዎች የሊቁን መጽሐፍ አላነበቡትም።

ይህንም ባለማስተዋል የመጣው መከራ በሎንዶን ከተማ ታየ። በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አዶልፍ ቤክ የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ በመንገድ ሲሄድ አንዲት ሴት ያዘችውና «ባለጠጋ መስለህ አታልለህ ሰዓቶቼን የወሰድህብኝ አንተ ነህ» አለችው። ፖሊሶችም እንደዚሁ የተታለሉትን ሌሎች ሴቶች ጠርተው ቢያሳዩአቸው ከዐሥር የሚበልጡት «እርሱ ነው» ብለው መሰከሩ። ከዚህም ሌላ በ1877 ዓ.ም. ጆን ስሚዝ የተባለውን አታላይ ይዞ የነበረ አንድ የቀድሞ ፖሊስ በምርመራው ላይ ቀርቦ፥ ይህ ሰው ያው ስሚዝ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም ሲል ማለ፤ ስሚዝን ከያዘው ዐሥራ ስምንት ዓመት ዐልፎ ነበር። ቤክ ግን በዚያ ዓመት የነበረው በእንግሊዝ ሳይሆን በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር ነበር። ጩኸቱን የሰማው የለም፤ በ1896 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ተፈረደበት። በእስራቱ ሳለ ስሚዝ የተገረዘ፥ እርሱ ግን ያልተገረዘ መሆኑ ከመዝገብ ተገኘ፤ ሹማምንቱም የእስረኛ ቍጥሩን ለወጡለት እንጂ ከእስራቱ አልፈቱትም።

በ1901 ዓ.ም. ከወህኒ ወጣ። በ1904 ዓ.ም. ግን እንደ ገና በዚያው ክስ ተያዘ፤ እንደ ገናም ሴቶች መጥተው «እርሱ ነው» አሉ፤ እንደ ገናም ጥፋተኛ ተባለ። ዳኛው ነገሩ ከንክኖት የቅጣቱን ውሳኔ ለጊዜው ቢያዘገየው፥ በዚያው መካከል እውነተኛው አታላይ የሴቶችን ቀለበት በመያዣ ሊያስይዝ ሲል እጅ ከፍንጅ ተገኘ። ለቤክ ምሕረት ተደረገለት፤ 5,000 ፓውንድም ካሣ ተሰጠው። እንግሊዞችም ከዚህ ነውር የተነሣ በ1907 ዓ.ም. የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አቋቋሙ።

በዚህ ነገር ሊታሰብበት የሚገባው የምስክሮቹ ብዛት ነው። የጥንት ሕግ ሁሉ፥ የእኛም ፍትሐ ነገሥት ጭምር፥ የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻውን እንዳይበቃ፥ ሁለተኛና ሦስተኛም እንዲጨመርበት ያዘዘው በብልሃት ነው። በቤክ ላይ ግን ከዐሥር የሚበልጡ ምስክሮች አንድ ቃል ተናገሩ፤ ሁሉም ተሳሳቱ። ሴቶቹ ለመዋሸት የተማከሩ አልነበሩም። አንድ ዐይነት ጢም፥ አንድ ዐይነት አለባበስና አነጋገር በልባቸው ይዘው ነበርና፥ መርማሪው ያንን የሚመስል ሰው ሲያቀርብላቸው የጎደለውን ትዝታቸው ሞላላቸው።

ቤክ በእስር ቤት ከወጣበት ዓመት ሳይወጣ፥ በታኅሣሥ ወር 1901 ዓ.ም.፥ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ አንድ እንግዳ ነገር ተደረገ። ፍራንዝ ፎን ሊስት የተባለው የታወቀ የሕግ መምህር ስለ አንድ መጽሐፍ ሲያስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ ነገሩን በክርስቲያን ግብረ ገብ በኩል ልመርምረው አለ፤ ሌላው ተማሪ ይህን መስማት አልችልም ሲል ጮኸ። ተሰዳደቡ፤ የመጀመሪያው ሽጉጥ መዘዘ፤ መምህሩ እጁን ሊይዝ ሲሮጥ ተኩስ ተሰማ፤ ጉባኤውም ታወከ። ኋላ ግን መምህሩ ጸጥታ አድርጎ፥ ጠቡ አስቀድሞ ተጽፎ የተጠና ጨዋታ እንደ ሆነ ገለጠላቸው፤ ያዩትንም እንዲጽፉ ጠየቃቸው። አንዳንዶቹ ወዲያው፥ አንዳንዶቹም ከሳምንታት በኋላ ጻፉ። እያንዳንዱ ቃልና እንቅስቃሴ አስቀድሞ በጽሑፍ ስለ ነበረ ማመዛዘን ቀላል ሆነ። ከሁሉ ጥቂት የተሳሳተው ከመቶ 26 እጅ ተሳሳተ፤ ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተው 80 እጅ ተሳሳተ። ዝም ብለው በተቀመጡ ሰዎች አፍ ቃል ተጨመረ፤ ያልተደረገ ሥራ ተደረገ ተባለ፤ ትልቁ ነገርም ከአንዳንዶቹ ልብ ፈጽሞ ጠፋ። ስሕተቱ የበዛውም ልብ በደነገጠበት በመጨረሻው ክፍል ነበር። እንግዲህ ያስደነገጠኝን ነገር እንዴት እረሳለሁ የሚለው የብዙ ሰው እምነት በዚያን ቀን ተነቀፈ። እነዚህም ምስክሮች ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገ ዳኛና ጠበቃ የሚሆኑ የሕግ ተማሪዎች ነበሩ።

ይህን ወሬ ለአሜሪካ ሕዝብ ያደረሰው በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ሁጎ ሙንስተርበርግ ነው። በ1908 ዓ.ም. ስለ ምስክርነትና ስለ ትዝታ ባሳተመው መጽሐፍ የራሱን ስሕተት ሳያፍር ጻፈ። ቤቱን ሌቦች ሰብረውበት ነበርና ያየውን በፍርድ ቤት በመሐላ ተናገረ፤ ኋላ ሲመረመር ግን ሌቦቹ ትልቁን ሰዓት በወረቀት ጠቅልለውት አገኘሁ ያለው የተጠቀለለው በገበታ ጨርቅ ሆኖ ተገኘ፤ የሻማውንም ጠብታ ያየበትን ፎቅ ተሳስቶ ተናግሮ ነበር። ዕድሜውን ስለ ትዝታ በመመርመር የፈጀ ሰው በገዛ ቤቱ ስላየው ነገር እንዲህ ከተሳሳተ፥ ሌላው ምን ይባላል? የዘመኑ የሕግ ሊቃውንት ግን መጽሐፉን በደስታ አልተቀበሉትም። በምስክርነት ሕግ የታወቀው ጆን ዊግሞር በ1909 ዓ.ም. በሥላቅ መልክ መልስ ጻፈበት፤ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ከፍርድ ቤት ደጃፍ ለብዙ ዘመን ራቁ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ሕግ ሐሰተኛውን ምስክር ለመያዝ ብዙ ወጥመድ አዘጋጅቷል፤ መሐላ ያስምለዋል፥ በመስቀልኛ ጥያቄ ያዋክበዋል፥ ቅጣትም ያስፈራራዋል። ተሳስቶ በቅንነት የሚመሰክረውን ግን ይህ ሁሉ አይዘውም። እርሱ የሚምለው በእውነት በሚያምነው ነገር ነውና አይደነግጥም፤ ፊቱ አይለወጥም፤ ቃሉም አይንቀጠቀጥም። የሐሰተኛ ምልክት ስለሌለበት ከሐሰተኛው ይልቅ አደገኛ ሆኖ ይገኛል።

የትዝታ ባሕርይ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት የመረመረው በካምብሪጅ የነበረው ፍሬድሪክ ባርትሌት ነው። በ1932 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ እንደ ተረከው፥ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን እያስነበበ፥ ከሰዓታት፥ ከወራት፥ ከዓመታትም በኋላ ደግመው እንዲናገሩት አደረገ። ተረቱ ከአፍ ወደ አፍ ሳይሆን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሳለ ተለወጠ። አጠረ፤ እንግዳ የሆነው ነገር ወጥቶ የለመዱት ገባበት፤ ከእንጨት የተፈለፈለችው ታንኳ ተራ ጀልባ ሆነች፤ የባሕር አውሬ አደንም ዓሣ ማጥመድ ሆነ። ባርትሌት ከዚህ የተነሣ ማስታወስ ማለት ከጎተራ እህል እንደ ማውጣት አይደለም፤ የፈረሰውን ቤት በየጊዜው እንደ ገና እንደ መሥራት ነው የሚል ትምህርት አመጣ። ሠሪውም የጎደለውን ድንጋይ ከዛሬው ሐሳቡ እየወሰደ ይሞላል፤ ቤቱ ግን ለራሱ የጥንቱ ይመስለዋል።

ከሌላ ሰው አፍ የወጣ አንድ ቃል እንኳ በዚህ ቤት ውስጥ ድንጋይ ሆኖ እንደሚገባ ያሳየችው ኤሊዛቤት ሎፍተስ ናት። በ1974 ዓ.ም. ከጆን ፓልመር ጋር ሆና የመኪና ግጭት ያለበትን ፊልም ለተማሪዎች አሳየች። ከዚያም ፍጥነታቸው ምን ያህል እንደ ነበረ ጠየቀች፤ ለአንዳንዶቹ መኪናዎቹ «ሲነካኩ»፥ ለሌሎቹ «ሲላተሙ» እያለች። «ሲነካኩ» የተባሉት ፍጥነቱ በሰዓት 31.8 ማይል ያህል ነው አሉ፤ «ሲላተሙ» የተባሉት 40.5 አሉ። ፊልሙ ግን አንድ ነበረ። በሁለተኛውም ሙከራ ተማሪዎቹን ከሳምንት በኋላ ጠርታ የተሰበረ መስተዋት አይታችኋልን ብትላቸው፥ ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አዎን አሉ፤ ስለ ፍጥነት ምንም ካልተጠየቁት 50 ሰዎች አዎን ያሉት 6 ብቻ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። እንግዲህ ጠያቂው ሳያውቀው ምስክሩን ያስተምራል፤ ምስክሩም ሳያውቀው የተማረውን እንዳየው አድርጎ ይመልሳል።

ይህ ትምህርት በሊቃውንት ክፍል ሲነገር የማያምን ሰው ቢኖር የሮናልድ ኮተንን ታሪክ ይስማ። በ1984 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በሰሜን ካሮላይና ግዛት በበርሊንግተን ከተማ አንዲት ተማሪ በገዛ ቤትዋ ተደፈረች። በመከራዋ ጊዜ እንኳ ልቡናዋ አልጠፋም፤ ከሞት ብድን ላስይዘው ብላ የሰውዬውን ፊት በሚገባ አጥንታው ነበር። ፖሊሶች ፎቶግራፎች ቢያቀርቡላት ብዙ ጊዜ ካየች በኋላ የኮተንን መረጠች፤ በአካል ከቆሙትም ሰዎች መካከል እርሱን ለየች፤ በፎቶግራፍ የመረጥሽው ያው ነው ብለውም ነገርዋት። ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬዋ ሁሉ ጠፋ። በ1985 ዓ.ም. ኮተን ተፈረደበት። በ1987 ዓ.ም. ጉዳዩ እንደ ገና ሲታይ እውነተኛው ወንጀለኛ፥ በዚያው ወህኒ የታሰረው፥ በፊትዋ ቆመ፤ አላወቀችውም። በ1995 ዓ.ም. የዲ ኤን ኤ ምርመራ ተደርጎ እውነቱ ሲገለጥ ኮተን ከዐሥር ዓመት በላይ ታስሮ ነበር። የተደረገባት ግፍ እውነት ነበር፤ ቅንነትዋም እውነት ነበር፤ ፊቱ ብቻ ተለውጦ ነበር። ከፎቶግራፉ በኋላ በልብዋ የሚኖረው የግፈኛው ፊት ሳይሆን የፎቶግራፉ ፊት ሆነ። ኋላ ኮተን ይቅር አላት፤ በ2009 ዓ.ም. ሁለቱ አብረው መጽሐፍ ጻፉ። በአሜሪካ አገር በዲ ኤን ኤ ንጹሕ መሆናቸው ከታወቀላቸው እስረኞች መካከል ከዐሥሩ ሰባት ያህሉ ላይ የዐይን ምስክር ስሕተት ተገኝቷል።

እርግጠኛ መሆን የእውነት ማኅተም እንዳልሆነ ደግሞ በሌላ መንገድ ታየ። በ1986 ዓ.ም. ጥር 28 ቀን ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ከነተሳፋሪዎችዋ በአየር ላይ ፈነዳች። በአትላንታ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኡልሪክ ናይሰር በማግሥቱ ተማሪዎቹን ወሬውን የት ሆናችሁ፥ ከማን ሰማችሁ ብሎ አጻፋቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከኒኮል ሃርሽ ጋር ሆኖ 44ቱን እንደ ገና ጠየቀ። 11ዱ አንድም ነገር በትክክል አልመለሱም፤ ፈጽሞ ያልተሳሳቱት 3 ብቻ ናቸው፤ ያም ሆኖ ከተሳሳቱት ብዙዎቹ እርግጠኞች ነበሩ። በገዛ እጃቸው የጻፉትን ቢያሳዩአቸው እንኳ የጥንቱ ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

የሊቃውንቱ ድምፅ ቀስ በቀስ ወደ ሸንጎ ገባ። በ2011 ዓ.ም. የኒው ጀርሲ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ስለ ትዝታ ደካማነት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣቸው ወሰነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ፖድካስት መጣና ነገሩን ከሸንጎ አውጥቶ ለዓለም ሁሉ ሰሚ ሰጠው።

«ሲሪያል» የተረከው በ1999 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን በባልቲሞር አካባቢ ስለ ጠፋችና ኋላ ተገድላ ስለ ተገኘች አንዲት ወጣት ተማሪ ነው። የቀድሞ ወዳጅዋ የነበረው አድናን ሰይድ፥ በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ፥ በ2000 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራትና 30 ዓመት ተፈረደበት። ክርክሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በጥቂት ደቂቃዎች ላይ ነበር፤ ልጁ ከትምህርት ቤት መውጫ በኋላ የት ነበር? እርሱ ቀኑን እንደ ማናቸውም ቀን እንጂ በዝርዝር አላስታውሰውም አለ። ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ደግሞ የተናገረው ቃል ከምርመራ ወደ ምርመራ፥ ከምርመራም ወደ ሸንጎ ይለዋወጥ ነበር። ሰሚው በሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ አለማስታወሱ የጥፋት ምልክት ነው አለ፤ ግማሹ የንጽሕና ምልክት ነው አለ። የኤቢንግሃውስን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን ከሁለቱ አንዱንም አይልም፤ ተራ ቀንን ከስድስት ሳምንት በኋላ መርሳት በደለኛም ንጹሕም የሚካፈለው የሰው ባሕርይ ነውና። በ2022 ዓ.ም. ፍርዱ ተሽሮ ሰይድ ወጣ፤ በ2023 ዓ.ም. ፍርዱ እንደ ገና ጸና፤ በ2024 ዓ.ም. የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸደቀ፤ በ2025 ዓ.ም. ጥፋተኛነቱ ሳይሻር እስራቱ እስካሁን በታሰረው እንዲበቃ ተወሰነ። ይህን ያህል ሸንጎና ይህን ያህል ሰሚ ተሰብስቦ እነዚያን ደቂቃዎች ማንም ከጥርጥር አላዳናቸውም።

ፖድካስት በዚህ ነገር መልካም ሥራ አልሠራም ማለት ግን ግፍ ነው። በ1996 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ግዛት በዊኖና ከተማ በአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ አራት ሰዎች ተገደሉ፤ ከርቲስ ፍላወርስ የተባለውም ሰው በዚህ ምክንያት ስድስት ጊዜ ለፍርድ ቀረበ። «ኢን ዘ ዳርክ» የተባለው ፖድካስት በ2018 ዓ.ም. ያንን ክስ ከሥሩ መረመረው። ፍላወርስ በዚያን ጠዋት በከተማው ሲሄድ አይተነዋል ያሉትን ምስክሮች አንድ በአንድ ፈልጎ አነጋገረ፤ ብዙዎቹም የተጠየቁት ከሳምንታትና ከወራት በኋላ እንደ ነበረ አሳየ። የሚያውቁትን ሰው በመንገድ ሲያልፍ ማየት በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፤ ያ ቀን ከሌላው ቀን በምን ይለያል? በእስር ቤት ሳለን ጥፋቱን ነገረኝ ያለው ምስክርም ቃሉ ሐሰት እንደ ነበረ ለጋዜጠኞቹ ተናገረ። በ2019 ዓ.ም. የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕጉ ጥቁር ፈራጆችን ከሸንጎው በማስወጣቱ ምክንያት ፍርዱን ሻረ፤ በ2020 ዓ.ም. ክሱ ቀረ። ፍላወርስ ወደ 23 ዓመት ያህል ታስሮ ነበር።

የነገሩ ሌላ ፊት የታየው ደግሞ በአውስትራሊያ ነው። በሲድኒ ከተማ በ1982 ዓ.ም. በጥር ወር አንዲት የሁለት ልጆች እናት ከቤትዋ ጠፍታ ቀረች። ከ36 ዓመት በኋላ ሄድሊ ቶማስ የተባለው ጋዜጠኛ «ዘ ቲቸርስ ፔት» በተባለ ፖድካስት ነገሩን ተረከ፤ በ2018 ዓ.ም. መጨረሻም ባልዋ ክሪስ ዶውሰን ተያዘ። ነገር ግን ፖድካስቱን የሰማው ማን ነው? ዳኛም፥ ፈራጅም፥ ምስክርም ሊሆን የሚችለው ሁሉ ሰምቶት ነበር። ሰዎች ያዩትን ሲነጋገሩ አንዱ የሌላውን ትዝታ እንደሚወርስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በተደረገ አንድ ጥናት ከተነጋገሩት ምስክሮች 71 እጁ ያላዩትን፥ ከባልንጀራቸው የሰሙትን፥ እንዳዩት አድርገው ተናግረዋል። በሚሊዮን ጆሮ የገባ ትረካ ምን ያህል ትዝታ ይለውጥ ይሆን? ስለዚህ በአውስትራሊያ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ለጊዜው አገደው፤ ፖድካስቱም በዚያ አገር እንዳይሰማ ተደረገ፤ ኋላም ሸንጎው ያለ ሕዝብ ፈራጆች በአንድ ዳኛ ብቻ ተቀመጠ። ዳኛው በ2022 ዓ.ም. ዶውሰንን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ሲለው፥ ፖድካስቱ ሚዛኑን ያልጠበቀና የአንዳንዱን ምስክርነት ጥቅም ያጎደለ መሆኑን ሳይናገር አላለፈም። ከጠፋች በኋላ አይተናታል ያሉትንም ሰዎች ቃል የማይታመን ብሎ አልተቀበለውም። ይግባኙ በ2024 ዓ.ም. ተዘጋ። እንግዲህ ያው ትረካ የተኛውን መዝገብ ቀስቅሶ ወደ ፍርድ አመጣው፤ ያው ትረካ ደግሞ ለፍርድ የሚያስፈልገውን ምስክር አደፈረሰ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ትዝታን ፈጽመን እንድንጥል አይደለም። ትዝታ ባይኖር ታሪክም ፍርድም ባልኖረ ነበር። የቅርብ ዘመን ሊቃውንት ጆን ዊክስትድና ጋሪ ዌልስ በ2017 ዓ.ም. እንዳስረዱት፥ ምስክር ሳይመራና ሳይገፋ በሚገባ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ እርግጠኛነቱ ብዙ ዋጋ አለው። የሚያታልለው በመጨረሻ፥ ብዙ ከተጠየቀና ብዙ ከተነገረው በኋላ፥ በሸንጎ የሚያሳየው እርግጠኛነት ነው። ንጹሑ ውሃ ያለው በምንጩ አጠገብ ነው፤ ወንዙ በሄደ መጠን የሚጨመርበት ይበዛል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ትረካ የሚሰማ ሰው ከመፍረዱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ይህ ምስክር ቃሉን መጀመሪያ የሰጠው መቼ ነው? ማን፥ በምን ቃል ጠየቀው? ከዚያስ እስከ ዛሬ ምን ሰማ? መልሱን ካላገኘ ፍርዱን ያቆይ። በፋሽኮ ከሚሰማው ድምፅ በስተኋላ በወህኒ የታሰረ አንድ ሰው፥ በመቃብር ያለች አንዲት ነፍስ፥ በየቤቱም የሚያለቅስ ዘመድ አለና፤ ለእነርሱ ነገሩ የምሽት ጨዋታ አይደለም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የመርሳትን ጉዳት አውቀውታል። ከመቶ ዓመት በላይ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር ጨመረበት፤ በቃል ያለ መረሳቱ ብቻ አይደለም፥ ባለቤቱ ሳያውቀው ይለወጣል። የረሳ ሰው አላውቅም ይላል፤ ማንንም አያሳስርም። ትዝታው የተለወጠበት ግን አውቃለሁ ብሎ ይምላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቃል በመጀመሪያው ቀን መጻፍ ለሟችም ለተከሳሽም የሚደረግ ፍርድ ነው።